ሥጋ ለሌለበት ማእድ የትኛውን መጽሐፍ? የምግብ አሠራር ምንጮች ንጽጽር

ከመደርደሪያዬ ካሉት አሥራ ስድስት የምግብ አሠራር መጻሕፍት ገጾቻቸው በዘይት የወዙት ሁለት ብቻ ናቸው። የቀሩት ትናንት ከማተሚያ ቤት የወጡ ይመስላሉ። ሁሉንም የገዛኋቸው ሥጋ የሌለበት ማእድ በወጉ ለማሰናዳት አስቤ ነበር፤ አብዛኞቹን ያስገዛኝ ግን የሽፋናቸው ፎቶግራፍ ነው። ይህ መመሪያ እኔ ከግዢው በኋላ የጠየቅኩትን ጥያቄ ከግዢው በፊት ሊጠይቅ ለሚወድ ሰው የተጻፈ ነው።

ሥጋ የሌለበት የምግብ አሠራር ሞልቶ ተርፏል። አስቸጋሪው ከዚያ ሁሉ መካከል የሚያስተምረውን መለየት ነው። ሥጋ ስቡንና ጣዕሙን ይዞ ስለሚመጣ የአብሳዩን ስህተት ይሸፍንለታል። ጎመን፣ ሽንብራ ወይም ዱባ ግን ከአብሳዩ የተሰጣቸውን ብቻ ይመልሳሉ። በሚገባ ካልቀሉ፣ ጨውና ኮምጣጣ ነገር በጊዜው ካልገባባቸው፣ ውሃ ውሃ ይላሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች ምንጮቹን ሁሉ የምመዝነው በዋነኛነት በአንድ ነገር ነው፦ «ይህን አድርግ» ብሎ ያልፋል ወይስ «ይህን የምታደርገው በዚህ ምክንያት ነው» ይላል?

መስፈርቶቹ

መጽሐፉን እንደያዙ በመጀመሪያ ሽንኩርት የሚቁላላበትን ገጽ ይፈልጉ። «ቡናማ እስኪሆን፣ 5 ደቂቃ» የሚል ካገኙ መልሰው ያስቀምጡት። ሽንኩርት በ5 ደቂቃ ይለሰልሳል እንጂ በደንብ ቀልቶ አይጣፍጥም። በዝግተኛ እሳት ጥቁር ቡናማ ለመሆን 40 ደቂቃና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ ሁለት ነገር አድርጓል፤ ምግቡን ራሱ አብስሏል፣ አንባቢው እንዳይሸሽ ብሎም ሰዓቱን አላሳጠረም። በሽንኩርት የዋሸ በሌላውም ይዋሻል።

ሁለተኛው ፈተና ጥራጥሬ ነው፤ ይህኛው ከጣዕምም በላይ የጤና ጉዳይ ነው። ቀይ አደንጓሬ በጥሬው ፋይቶሄማግሉቲኒን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር አለው። በሚገባ ያልበሰሉ አራት ወይም አምስት ፍሬዎች እንኳ ከባድ ማስመለስና ተቅማጥ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ቢያንስ ለ5 ሰዓት መዘፍዘፍ፣ የተዘፈዘፈበትን ውሃ መድፋት፣ ከዚያም በአዲስ ውሃ በኃይል እየፈላ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ተቋም 30 ደቂቃ ይመክራል። በዝቅተኛ ሙቀት ለረጅም ሰዓት የሚያበስሉ የኤሌክትሪክ ድስቶች ለዚህ አይታመኑም፤ ውሃው ሳይፈላ የሚሞቅ አደንጓሬ ከጥሬው የባሰ መርዛማ ሊሆን ይችላል። የጥራጥሬ ምዕራፉ ስለዚህ አንድም ቃል የማይተነፍስ መጽሐፍ ሥጋ ለሌለበት ወጥ ቤት አልተዘጋጀም።

ሦስተኛ፣ ልኬት። የአሜሪካ ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ የአውስትራሊያ 250። የሾርባ ማንኪያ በአብዛኛው ዓለም 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን በአውስትራሊያ 20 ነው። ልዩነቱ ለሾርባ ምንም አይደለም፤ ለሊጥና ለቅመም ግን ብዙ ነው። በግራም የሚጽፍ ምንጭ ካገኙ ያስቀድሙት።

አራተኛው ብዙ ሰው የማያየው የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጾች ናቸው፤ ማውጫው። አትክልት የሚያበስል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከምግቡ ስም አይደለም። «ግማሽ አበባ ጎመን ተርፎኛል፣ ምን ላድርገው?» ነው ጥያቄው። በአትክልቱ ስም ለመፈለግ የሚያስችል ማውጫ የሌለው መጽሐፍ ምንም ያህል ቢያምር ማክሰኞ ማታ አይከፈትም።

በመጨረሻም «ቬጀቴሪያን» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ይመልከቱ። እውነተኛው የፓርሚጃኖ ሬጃኖ አይብ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ማርጊያ ነው፤ ደንቡ ሌላ አይፈቅድም። ዎርስተርሻየር የተባለው ማጣፈጫ በተለመደው አሠራሩ አንቾቪ የተባለ ትንሽ ዓሣ አለበት። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ይወጣል። ሦስቱንም ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያዝዙ «የአትክልት» መጻሕፍት አጋጥመውኛል። ለጣዕም ብቻ ሥጋ ለቀነሰ ሰው ይህ ላያሳስበው ይችላል፤ በእምነት ወይም በሕሊና ለተወ ሰው ግን ክህደት ነው።

ሁሉን አቀፍ ወፍራም መጻሕፍት

የዚህ ዓይነት ሁለት ስመ ጥር ምሳሌዎች አሉ (ዓመተ ምሕረቶቹ እዚህም ከዚህ በታችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው የዲቦራ ማዲሰን «ቬጀቴሪያን ኩኪንግ ፎር ኤቭሪዋን» ነው፤ በ1997 ወጥቶ በ2014 ታድሷል። ማዲሰን በ1979 በሳን ፍራንሲስኮ የተከፈተው ግሪንስ የተባለ ሥጋ አልባ ምግብ ቤት የመጀመሪያዋ ዋና አብሳይ ነበረች፤ መጽሐፏን የጻፈችው ግን ለቤት አብሳይ ነው። ሁለተኛው የማርክ ቢትማን «ሃው ቱ ኩክ ኤቭሪቲንግ ቬጀቴሪያን» ነው፤ በ2007 ወጥቶ በ2017 ታድሷል።

ሁለቱ ይመሳሰላሉ ቢባልም አመላቸው ይለያያል። ማዲሰን አትክልቱን ከፊት ታስቀምጣለች፤ ሲገዛ ምን እንደሚታይ፣ ከምን ጋር እንደሚስማማ፣ እንዴት እንደሚያዝ ትናገራለች። ቢትማን ደግሞ አንድ መሠረታዊ አሠራር ሰጥቶ ከሥሩ ብዙ ልዋጮችን ይዘረዝራል። ከማዲሰን አትክልቱን ያውቃሉ፤ ከቢትማን ያለ መጽሐፍ ማብሰልን ይለማመዳሉ። ለጀማሪ የቱ ይሻላል ብባል ለተቻኮለው ቢትማንን፣ ለታጋሹ ማዲሰንን እሰጣለሁ።

ጉድለታቸው አንድ ነው። የዓለምን ማእድ ሁሉ በአንድ ጥራዝ ስለሚሰበስቡ የሩቅ አገር ምግብ ሲደርሱ ይለዝባሉ፤ ቅመሙ ይቀንሳል፣ እርምጃው ያጥራል። ፎቶግራፍም እንደ ዘመኑ መጻሕፍት የሞላባቸው አይደሉም። የበሰለውን ሳያዩ መጀመር የሚያስፈራዎት ከሆነ ይህ ይከብድዎታል።

የአንድ ማእድ ቤት መጻሕፍት

እነዚያ ሁለቱ የወዙት መጻሕፍቴ ከዚህ ወገን ናቸው፤ ስለዚህ አድልዎዬን ከወዲሁ ልናዘዝ።

ሥጋ አለመብላት ለብዙ ዘመን የኖረባቸው አገሮች ምግብ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ «በሥጋው ምትክ ምን ልጨምር?» ከሚል ጥያቄ አይነሣም። ምስሩ የምንም ነገር ተተኪ አይደለም፤ ምስር ነው። በዚህ ረገድ የሕንድ ማእድ ቤት የሚስተካከለው ያለ አይመስለኝም። ያሙና ዴቪ በ1987 ያወጣችው «ሎርድ ክሪሽናስ ኩዚን» ከ500 በላይ አሠራሮችን ይዟል፤ በክሪሽና እምነት ሥርዓት ምክንያትም አንዱም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የለበትም። መጀመሪያ ስሰማ እንዴት ይሆናል ብዬ ነበር። መልሱ አሳፌቲዳ የተባለው ከአንድ ተክል ሥር የሚገኝ ሙጫ ነው፤ ጥሬው ሽታው ይከረፋል፣ ትኩስ ዘይት ሲነካው ግን የተቁላላ ሽንኩርት ሽታ ያመጣል። ሽንኩርት ላይ ከመደገፍ የሚያላቅቅ እንዲህ ያለ ትምህርት ከየትኛውም አዲስ መጽሐፍ አላገኘሁም።

ማዱር ጃፍሪ ሰፋ አድርጋ ትሄዳለች። በ1999 የወጣው «ወርልድ ቬጀቴሪያን» ከ650 በላይ አሠራሮችን ከብዙ አገሮች ሰብስቧል፤ እንደ ስሙ የአንድ አካባቢ ባይሆንም እጅዋ የሚታወቀው በጥራጥሬውና በቅመሙ ምዕራፍ ነው። በቅርቡ ከጻፉት መካከል ደግሞ ሚራ ሶዳ በ2019 ያወጣችው «ኢስት» ከሕንድ እስከ ቻይና ያለውን ለሥራ ቀን ማታ በሚመች መጠን አሳጥሮ ያቀርባል። ያሙና ዴቪ የእሑድ መጽሐፍ ናት፤ ሶዳ የማክሰኞ።

ከዚህ ወገን የሚማሩት አንድ ዘዴ ብቻ ቢሆን እንኳ ዋጋውን ያወጣል፤ ያልተፈጨ ቅመም በትኩስ ዘይት እስኪፈነዳ አግሎ ከበሰለ ምስር ላይ ማፍሰስ። አብዛኞቹ የቅመም መዓዛዎች ከውሃ ይልቅ በዘይት ስለሚሟሙ፣ ያ አንድ ማንኪያ ዘይት ድስቱን ሙሉ ያዳርሰዋል። አንዴ ከገባዎት በየትኛውም ጥራጥሬ ላይ ይሠራል።

ችግሩ መነሻው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት የቅመም ግዢ ኪስ ይነካል፤ ምንም እንኳ ከዚያ በኋላ ጥራጥሬና ሩዝ ርካሽ ቢሆኑም። አንድ ምክር፦ ከሦስት በሚበልጡ አሠራሮች የማይጠየቅ ቅመም አይግዙ።

የምግብ ቤት አብሳዮች ውብ መጻሕፍት

የዮታም ኦቶሌንጊ «ፕሌንቲ» በ2010 ሲወጣ አትክልት የድግስ ምግብ ሊሆን እንደሚችል ለብዙ አንባቢ አሳይቷል። ጸሐፊው ራሱ ሥጋ ይበላል፤ ይህን አልደበቀም፤ ምናልባትም የምግቡ ድፍረት ከዚያ ይመጣል። በኃይለኛ ሙቀት መጥበስን፣ ቅጠላ ቅጠልን በቁንጥር ሳይሆን በእፍኝ መጨመርን፣ ሎሚን መጨረሻ ላይ መጭመቅን ከዚህ ወገን መጻሕፍት ተምሬያለሁ።

ግን አንድ እራት አሥራ አምስት ነገር ይጠይቃል፤ ከእነሱም ሦስቱ ከዚያች ቀን በኋላ አይነኩም። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ሰላጣ ብዬ የገዛሁት የሮማን ፈሳሽ እስካሁን ከቁም ሣጥኑ ጥግ ያየኛል። እንግዳ ሲመጣ ድንቅ፣ በየዕለቱ ግን አድካሚ። ለስጦታ የሚገዛው በአብዛኛው ይህ ዓይነት መሆኑ አይገርመኝም፤ ሰጪው አያበስልበትም።

የቀድሞዎቹ፣ ከ1970ዎቹ

ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጡበት ሁሉ በርካሽ የሚገኙ ሦስት አሉ፤ የፍራንሲስ ሙር ላፔ «ዳየት ፎር ኤ ስሞል ፕላኔት» (1971)፣ የአና ቶማስ «ዘ ቬጀቴሪያን ኤፒኪዩር» (1972) እና የሞሊ ካትዘን በእጅ ጽሕፈትና በሥዕል የተዘጋጀው «ሙስዉድ ኩክቡክ» (1977)። ሲገዙ የዕትሙን ዓመት ይመልከቱ። ላፔ በመጀመሪያው ዕትም ሩዝና ባቄላን የመሳሰሉ ምግቦችን በአንድ ማእድ በጥንቃቄ ካላጣመሩ ፕሮቲኑ ይጎድላል ብላ ነበር፤ በ1981 ዕትም ግን ያን ማጋነኗን ራሷ አርማለች። የተለያየ ምግብ በበቂ መጠን ለሚበላ ጤነኛ ሰው በእያንዳንዱ ማእድ ማጣመር ግድ አይደለም። ካትዘንም በ1992 ዕትሟ ቅቤውን፣ አይቡንና እንቁላሉን ቀንሳለች። የዘመኑ ፍርሃት «ሥጋ ከሌለ አይጠግቡም» የሚል ስለነበር ሁሉም ነገር በአይብ ይሸፈን ነበር። ቤት ውስጥ ወተትና አይብ በደስታ የሚበላ ከሆነ የድሮዎቹ እስከ ዛሬ ይጣፍጣሉ።

እንቁላልና ወተትም ለማይነኩ

ቪጋን ለሆኑ የኢሳ ቻንድራ ሞስኮዊትዝና የቴሪ ሆፕ ሮሜሮ «ቪጋኖሚኮን» (2007) ሰፊና ቀልደኛ ነው። ከዚህ ወገን የትኛውንም ሲመርጡ ግን ስለ ቫይታሚን ቢ12 የሚለውን ያንብቡ። አዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮግራም ያህል ያስፈልገዋል፤ አትክልት በአስተማማኝ ሁኔታ አይሰጠውም፤ ቪጋን የሆነ ሰው ከተጨመረበት ምግብ ወይም ከእንክብል ማግኘት አለበት። ይህን በግልጽ የማይናገር መጽሐፍ ስለ ጤና የሚያወራውን ሌላውን ሁሉ በጥርጣሬ ያንብቡት።

ኢንተርኔት፣ ቪዲዮና አዲሱ የጽሑፍ ማሽን

ሃይዲ ስዋንሰን የምግብ አሠራር መጽሐፍ ገዝታ ገዝታ ከመቶ ካለፈች በኋላ መግዛቱን አቁማ ያሏትን ማብሰል ጀመረች፤ በ2003 የከፈተችው «101 ኩክቡክስ» የተባለው ድረ ገጽም ከዚያ ተወለደ፤ ሥጋ ከሌለባቸው የምግብ ድረ ገጾች ከታዋቂዎቹ አንዱ ነው። በሽታዬን የምትጋራኝ ሰው በማግኘቴ ተጽናንቻለሁ።

የኢንተርኔት ትልቁ ሀብት ከአሠራሩ ሥር ያለው የአንባብያን አስተያየት ነው። ኮከቡን ተዉት፤ «ሽንብራውን በድንች፣ ኮኮናቱን በወተት ቀየርኩት፣ አልጣፈጠም» ብሎ አንድ ኮከብ የሚሰጥ ሰው ሞልቷል። መካከለኛ ነጥብ የሰጡትን ያንብቡ። «ውሃው በዝቷል»፣ «20 ደቂቃ አልበቃም» የሚለው ቃል ከሦስት ሰው ከተደገመ እውነት ነው። መጽሐፍ ይህን ሊሰጥዎት አይችልም።

ቪዲዮ ለእጅ ሥራ ይበልጣል፤ ሊጥ ሲታሽ፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋው) ሲጨመቅና ሲቆረጥ በቃል ከማንበብ ማየት ይቀላል። ለልኬት ግን አይመችም፤ በዱቄት በተነካ ጣት ስልክ እየነኩ ወደ ኋላ መመለስ ያናድዳል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጻፉ አሠራሮችን በተመለከተ አቋሜ አጭር ነው። ያንን ምግብ የቀመሰው የለም። ቤት ውስጥ ባለው ነገር ሐሳብ ለማግኘት ይጠቅማሉ፤ ለአደንጓሬ መቀቀያ ሰዓትና ለዳቦ ልኬት ግን አላምናቸውም። ያማረ ፎቶ መኖሩም ምግቡ ተሠርቷል ማለት አይደለም።

በአንድ እይታ

| ምንጭ | ምክንያት ያስረዳል? | ለሥራ ቀን ማታ | የመነሻ ወጪ | ዋና ድክመት |
|---|---|---|---|---|
| ሁሉን አቀፍ መጽሐፍ | በደንብ | ይመቻል | መካከለኛ | የሩቅ አገር ምግብ ይለዝባል |
| የአንድ ማእድ ቤት መጽሐፍ | እጅግ በደንብ | ቅመሙ ከተሟላ በኋላ | ለቅመም ከፍ ያለ | ጅማሬው ይከብዳል |
| የምግብ ቤት አብሳይ መጽሐፍ | በከፊል | አይመችም | ከፍተኛ | የግብዓት ዝርዝሩ ረጅም ነው |
| የ1970ዎቹ መጽሐፍ | በከፊል | ይመቻል | አነስተኛ | አይብና ቅቤ ይበዛል፣ የድሮ የጤና ምክር |
| ቪጋን መጽሐፍ | እንደ ጸሐፊው | ይመቻል | መካከለኛ | ልዩ ግብዓት ይጠይቃል |
| ነጻ ድረ ገጽ | አልፎ አልፎ | ይመቻል | የለም | ያልተፈተነው ይበዛል |
| ቪዲዮ | እጅን ያሳያል | በከፊል | የለም | ልኬት ለመከተል ያስቸግራል |

ለማን የቱ?

ማብሰል ገና የሚጀምር ሰው አንድ ሁሉን አቀፍ መጽሐፍ ይያዝ፤ ለስድስት ወር ሌላ አይጨምር። ቪዲዮን ለእጅ ሥራ ብቻ ይጠቀምበት።

ማብሰል የሚችል፣ ግን ሥጋ ሲቀር ምግቡ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነበት ሰው ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው የአንድ ማእድ ቤት መጽሐፍ ነው። የተሰለቸው አትክልቱ አይደለም፤ በአንድ ዘዴ ብቻ መብሰሉ ነው።

ገንዘብ ያጠረው ሰው ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሂድ፤ ከዚያ ያገለገለ የ1970ዎቹ መጽሐፍና አስተያየት የበዛበት ድረ ገጽ ይበቁታል። ጥራጥሬ በብዛት በሚበሰልበት ቤት ሌላው ወጪ ትንሽ ነው።

ቤተሰቡ ግማሹ ሥጋ የሚበላ፣ ግማሹ የማይበላ ከሆነ የምግብ ቤት አብሳዮቹ መጻሕፍት ድንገት ዋጋ ያገኛሉ፤ ሥጋ በላዩም «ምን ጎደለ?» ሳይል ይበላል። በሳምንት አንድ ቀን ያድርጉት፣ ሮማኑን ግን በትንሹ ጠርሙስ ይግዙ።

ለቪጋን የተለየ መጽሐፍ ከመግዛት በፊት የሕንዱን ማውጫ ይቁጠሩ፤ ቅቤውን በዘይት ከለወጡ ብዙው ቀድሞም ቪጋን ነው። ጣፋጭና ኬክ ከፈለጉ ግን ቪጋን መጽሐፍ ይግዙ፤ እንቁላልን መተካት በግምት አይሆንም።

መጽሐፍ ከመግዛትዎ በፊት ከቤተ መጻሕፍት ወይም ከጓደኛ ለሦስት ሳምንት ይዋሱት። አንድ የጥራጥሬ፣ አንድ የቅጠላ ቅጠል፣ አንድ ደግሞ ስሙን ሰምተውት የማያውቁትን ያብስሉ፤ የመጀመሪያውን ጊዜ ጸሐፊው እንዳለው፣ ምንም ሳይለውጡ። በሦስተኛው ሳምንት ከሦስቱ አንዱን ሳይታዘዙ ደግመው ካበሰሉት ይግዙት። ካልደገሙት ለባለቤቱ ይመልሱ፤ ዘይት ነክቶት ከሆነ ደግሞ ይቅርታ ይጠይቁ።